ማንም ስለ ደረጃው አልጠየቀም

(ለአካባቢ አስተዳደርና ለማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አረፈዳችሁ።

ወደዚህ አዳራሽ ስገባ የመግቢያውን ደረጃ ቆጠርኩት። ዘጠኝ ነው። መደገፊያ የለውም። እናንተም ወጥታችሁታል፤ የቆጠረው ሰው ግን ያለ አይመስለኝም። እኔም ድሮ አልቆጥርም ነበር። ደረጃ መቁጠር የጀመርኩት እናቴ ከወደቀች ወዲህ ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። እናቴ ማታ ወደ መታጠቢያ ቤት ስትሄድ ምንጣፍ አደናቀፋት። የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። ሆስፒታል ገባች፣ ቀዶ ጥገና ተደረገላት፣ ደህና ሆና ወጣች። ሐኪሞቹን አላማም፤ ሥራቸውን አሳምረው ሠርተዋል። ስለ ደም ግፊቷ ጠየቁ፣ ስለ ስኳሯ ጠየቁ፣ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች አንድ በአንድ ጻፉ። ቤቷ ስንት ደረጃ እንዳለው ግን ማንም አልጠየቀም። ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሊፍት የለውም። የወጣች ቀን ሁለት ጎረምሶች በወንበር ተሸክመው አደረሷት። ከዚያ በኋላ አራት ወር ሙሉ ከቤት አልወጣችም።

እግሯ ድኖ ነበር እኮ! ያሰራት ፎቁ ነው።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። ሰው ሲያረጅ አቅሙ ይቀንሳል፤ ይሄ አይካድም። ግን አቅሙ የቀነሰ ሰው ሁሉ የሰው እጅ አያይም። የሰው እጅ እንዲያይ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ የቀረው አቅሙና የሚኖርበት ቦታ አለመገጣጠማቸው ነው። ዕድሜውን ማንም አይመልስለትም። ቦታውን ግን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። የመንገዱን፣ የቤት ግንባታውን፣ የአውቶቡሱን ጉዳይ የያዛችሁ ሰዎች ዛሬ እዚህ ስላላችሁ ደስ ብሎኛል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ የማገኘው የጤና ባለሙያዎችን ብቻ ነው።

ቁጥር አላበዛባችሁም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰዎች 1 ቢሊዮን ነበሩ። በ2030 1.4 ቢሊዮን ይሆናሉ፤ ከስድስት ሰው አንዱ ማለት ነው። በ2050 ደግሞ 2.1 ቢሊዮን። ይህን ስናገር አንዳንድ ሰው “ትንበያ ነው፤ ሊሳሳት ይችላል” ይለኛል። ትንሽ ሊዛነፍ ይችላል፤ ዋናው ነገር ግን ትንበያ አይደለም። በ2050 60 ዓመት የሚሞላቸው ሰዎች በ1990 የተወለዱ ናቸው። ተወልደዋል፣ አድገዋል፣ አንዳንዶቹ እዚህ ከፊቴ ተቀምጠዋል። ቆጠራ ብንለው ይሻላል።

ከብዛቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ፍጥነቱ ነው። ከሕዝቡ ውስጥ 65 ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ድርሻ ከ7 በመቶ ወደ 14 በመቶ እስኪያድግ ፈረንሳይ 115 ዓመት ፈጅቶባታል። ስዊድን 85 ዓመት። ጃፓን ግን 24 ዓመት፣ ደቡብ ኮሪያ ደግሞ 18 ዓመት ብቻ። ፈረንሳይ ስለ ጡረታ ለመጨቃጨቅ፣ ተሳስታ ለማረም፣ እንደገና ለመሳሳት ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ነበራት። ኮሪያ የነበራት ጊዜ አንድ ልጅ ተወልዶ ሁለተኛ ደረጃ እስኪጨርስ ያለውን ያህል ነው። ዛሬ ገና ማርጀት የጀመሩ አገሮች መንገዳቸው የፈረንሳይን አይመስልም። በ2050 ከዓለም አረጋውያን 80 በመቶው የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ሀብቱ ሳይመጣ እርጅናው ይቀድማል ማለት ነው።

ይበቃናል፤ ወደ መንገዱ እንውረድ።

በብዙ አገር የእግረኛ መሻገሪያ መብራት የሚቆይበት ጊዜ የሚወሰነው አንድ ሰው በሰከንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል በሚል ስሌት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ተመራማሪዎች ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎችን አካሄድ ሲለኩ የወንዶቹ አማካይ በሰከንድ 0.9 ሜትር ገደማ፣ የሴቶቹ ደግሞ 0.8 ሜትር ገደማ ሆኖ ተገኘ። አሁን 12 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ አስቡ። በመሐንዲሱ ሐሳብ ውስጥ ያለው ሰው በ10 ሰከንድ ይሻገራል። በ0.8 የምትራመደዋ ሴት 15 ሰከንድ ያስፈልጋታል። መብራቱ ሲቀየር ገና 4 ሜትር ይቀራታል። ያ አራት ሜትር ላይ መኪናው ክላክስ ያደርጋል፣ እሷ ትደነግጣለች፣ ትቸኩላለች። ከዚያስ? በማግስቱ አትወጣም። ማንም መዝገብ ላይ አይጽፈውም። አልተገጨችም፣ አልወደቀችም። መውጣት ብቻ ነው የተወችው።

ሲንጋፖር በ2009 ለዚህ ደስ የሚል ዘዴ ጀምራለች። አረጋውያን የተለየ ካርድ አላቸው። መሻገሪያው ላይ ካለው ሳጥን ጋር ሲያስጠጉት አረንጓዴው መብራት እንደ መንገዱ ስፋት ከ3 እስከ 13 ሰከንድ ይጨምርላቸዋል። አሽከርካሪው ቀኑን ሙሉ አይቆምም፤ ካርድ ሲነካ ብቻ ነው የሚጠብቀው። አሜሪካም የስሌቱን ፍጥነት በዚያው ዓመት ከ1.2 ወደ 1.07 ሜትር ገደማ ዝቅ አድርጋለች። ትንሽ ይመስላል። ለአንዲት ከዘራ ለያዘች ሴት ግን ትንሽ አይደለም።

ቀጥሎ አግዳሚ ወንበር። ሳቁ፣ ችግር የለም፤ ሁሌም እዚህ ላይ ይሳቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ለአረጋውያን የሚመቹ ከተሞች መመሪያ ሲያወጣ በ33 ከተሞች ያሉ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን “ምን ያስቸግራችኋል?” ብሎ ነበር የጀመረው። መመሪያው ስምንት ዘርፎች አሉት፤ አልዘረዝራቸውም። ከሰዎቹ አፍ ደጋግሞ የወጣው ግን ለሹም የማያኮራ ነገር ነው፤ መቀመጫ የለም፣ የሕዝብ መጸዳጃ የለም፣ የእግረኛ መንገዱ ተቆፋፍሯል።

እውነታቸውን ነው። 400 ሜትር መሄድ የማይችል ሰው መሃል ላይ መቀመጫ ካገኘ ሁለት ጊዜ 200 ሜትር ይሄዳል። በአንድ መቀመጫ ምክንያት ገበያው፣ ጸሎት ቤቱ፣ የጓደኛው ቤት ተመለሰለት ማለት ነው። ግን ወንበር ሁሉ ወንበር አይደለም። መደገፊያ ጀርባ ይኑረው። ክንድ ማሳረፊያም ይኑረው፤ ማሳረፊያው ለምቾት ብቻ አይደለም፣ ጉልበቱ የደከመ ሰው የሚነሣው እሱን ገፍቶ ነው። ለውበት ተብሎ ከድንጋይ የተጠረበ ዝቅ ያለ መቀመጫ ለፎቶ ያምራል። ሽማግሌ ግን አንዴ ከተቀመጠበት መነሣቱ መከራ ነው።

የመጸዳጃውም ነገር እንደዚሁ። ብዙ አረጋውያን ሽንት የሚያፋጥን የደም ግፊት ወይም የልብ መድኃኒት ይወስዳሉ። መንገድ ላይ መጸዳጃ ከሌለ ሁለት ምርጫ ነው ያላቸው፤ ወይ አለመውጣት፣ ወይ በወጡበት ቀን ውኃም መድኃኒቱንም መተው። እናንተ የጽዳት ጉዳይ አድርጋችሁ የያዛችሁት ነገር ሐኪም ዘንድ ሲደርስ የደም ግፊት ጉዳይ ሆኖ ነው የሚደርሰው።

ቤት ውስጥ እንግባ። በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ አደጋ ይሞታሉ፤ ከመካከላቸው የሚበዙት 60 ዓመት ያለፋቸው ናቸው። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ የሃርድዌር ሱቅ ውስጥ ነው። ግድግዳ ላይ የሚታሰር የብረት መያዣ፣ ከአልጋ እስከ መታጠቢያ ቤት የሚያደርስ መብራት፣ የማያንሸራትት ወለል። ምንጣፉን ማንሣት ደግሞ በነፃ ነው። የግንባታ ፈቃድ የምትሰጡ ሰዎች ግን ከዚህ የበለጠ ማድረግ ትችላላችሁ። ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስገባ በርና ደፍ የሌለው መግቢያ ቤቱ ሲሠራ በፕላን ላይ ይሰመራል። ቤቱ ካለቀ በኋላ ግን ግድግዳ ማፍረስ ነው። ዛሬ ፈቃድ የምትሰጡት ሕንፃ ከአምሳ ዓመት በኋላም ይቆማል፤ ያኔ የሚኖሩበት ሰዎች ስንት ዓመታቸው እንደሚሆን አስቡት።

ዴንማርክ በ1990ዎቹ ባወጣችው ሕግ ማዘጋጃ ቤቶች 75 ዓመት ለሞላቸው ነዋሪዎች የቤት ጉብኝት እንዲያቀርቡ አስገድዳ ነበር። ሳይታመሙ፣ ሳያመለክቱ። ባለሙያ ይመጣል፣ ቁጭ ብሎ ይጫወታል፣ ቤቱን ያያል፤ ከማን ጋር ትገናኛለህ፣ ምን እየከበደህ መጣ ብሎ ይጠይቃል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይኸው ነው። የእናቴን ምንጣፍ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይቶት ቢሆን ኖሮ እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ። የእኔም ዓይን ግን ሺህ ጊዜ አይቶት አልፏል፤ ሌላውን ብቻ መውቀስ አልችልም።

አሁን ከባዱ ጉዳይ ላይ ደረስን። ማስታመም።

የትም አገር ሂዱ፣ አብዛኛውን የማስታመም ሥራ የሚሠራው ቤተሰብ ነው፤ ከቤተሰብም ሴቷ ናት። ሚስት፣ ሴት ልጅ፣ ምራት። ደመወዝ የለውም፣ የዓመት ፈቃድ የለውም፣ ብዙዋ ሥራዋን ትለቃለች፤ ጡረታዋም እዚያው ይቋረጣል። ከዚያ ራሷ ስታረጅ ገንዘብ የሌላት አሮጊት ትሆናለች። አንዱን እርጅና በሌላ ድህነት ከፈልነው ማለት ነው።

ሁለት አገሮች ለዚህ የሰጡት መልስ የተለያየ ነው፤ እኔ ልዩነቱን በጣም እወደዋለሁ። ጀርመን በ1995 የእንክብካቤ መድን ጀመረች። ሠራተኛውም አሠሪውም ያዋጣሉ። እንክብካቤ የሚያስፈልገው ሰው ወይ ባለሙያ ይላክለታል፣ ወይ ጥሬ ገንዘብ ወስዶ ለሚያስታምመው ቤተሰቡ ይሰጣል። ገንዘቡ ከባለሙያው ዋጋ ያነሰ ነው። ግን መድኑ ለምታስታምመዋ ልጅ የጡረታ መዋጮም ይከፍልላታል።

ጃፓን በ2000 የራሷን ስትጀምር መዋጮውን ከ40 ዓመት በላይ ላለ ሰው ሁሉ ግዴታ አደረገች። ጥሬ ገንዘብ ለቤተሰብ መስጠትን ግን ተወችው። ከተቃወሙት መካከል የሴቶች መብት ተሟጋቾች ነበሩ። “ገንዘብ ከሰጣችሁ ምራቲቱን ቤት ውስጥ ታስሯታላችሁ፤ ‘ይከፈልሽ የለ እንዴ?’ ትባላለች” ነበር ክርክራቸው። ስለዚህ የሚሰጠው አገልግሎት ነው። አስታማሚ ቤት ይመጣል፣ ወይም አዛውንቱ ቀን ቀን ማዕከል ይውላሉ፣ ወይም ለጥቂት ቀን ሌላ ቦታ ያርፋሉ።

የትኛው ይሻላል? መጀመሪያ ልቤ ወደ ጀርመን ነበር፤ ሰውየው ራሱ ይምረጥ ብዬ። እናቴን ካስታመምን በኋላ ግን ጃፓኖቹ ያዩት ነገር ገባኝ። እህቴ ያስፈለጋት ገንዘብ አልነበረም። ለሁለት ቀን ያለሐሳብ መተኛት ነበር። ስለዚህ ገንዘቡ ቢሰጥም ባይሰጥም፣ የአስታማሚ ዕረፍት የሌለበት ዕቅድ ካያችሁ አትፈርሙበት።

ተቀጥረው የሚሠሩትንም አንርሳ። የሰው ገላ የሚያጥብ ሰው ከመኪና አጣቢ ያነሰ የሚያገኝ ከሆነ ሥራውን ቢለቅ አይፈረድበትም። ኔዘርላንድስ ውስጥ ዮስ ደ ብሎክ የሚባል ነርስ በ2006 የመሠረተው ቡርትዞርግ የተባለ ድርጅት አለ፤ የሰፈር እንክብካቤ ማለት ነው። ቢበዛ 12 ነርሶች አንድ ሰፈር ይይዛሉ፣ ፕሮግራማቸውን ራሳቸው ያወጣሉ፣ በላያቸው አለቃ የለም። አዛውንቷ በየቀኑ አዲስ ፊት አያዩም። ለሁሉም ቦታ ይሠራል አልልም። ግን በየአምስት ደቂቃው ፎርም ከምታስሞሉት ነርስ ጋር አወዳድሩት።

ወደ ሌላ ነገር ልሻገር። ነሐሴ 2003 ፈረንሳይ ውስጥ ከባድ ሙቀት መጣ። ወደ 15,000 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ፣ ብዙዎቹም ብቻቸውን የሚኖሩ። ወሩ የዕረፍት ወር ነው። ልጆች ባሕር ዳርቻ፣ ሐኪሞች ዕረፍት ላይ። ሆስፒታል ያለው፣ መንገድ ያለው፣ ሀብታም አገር ነው። የጎደለው አንድ መረጃ ነበር፤ የትኛው በር ጀርባ ብቻውን የተቀመጠ ሰው አለ?

በቀጣዩ ዓመት ሕግ ወጣ። ከንቲባዎች ብቻቸውን የሚኖሩና አቅመ ደካማ የሆኑ ነዋሪዎችን መዝገብ እንዲይዙ ታዘዙ። የሙቀት ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ስልክ ይደወላል፣ ካልተነሣ ሰው ይሄዳል። ለወጪው ደግሞ ሠራተኛው በዓመት አንድ ቀን ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሠራ፣ አሠሪው የዚያን ቀን መዋጮ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ፈንድ እንዲያስገባ ተደረገ። ብዙ ተጉረመረመበት፤ እስከ ዛሬም አለ። መዝገቡም እንከን አለበት። በፈቃድ ስለሆነ ከሁሉም የተገለለው ሰው ላይመዘገብ ይችላል። ጎረቤትና ባለሱቅ የሚያስፈልጉት እዚህ ላይ ነው። ከሦስት ቀን በፊት የመጣች ደንበኛ ዛሬ አለመምጣቷን ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው ባለሱቁ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር ልጨምር፤ የመርሳት ችግር። በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አብረውት ይኖራሉ። እኛ በቋንቋችን “ጃጅቷል” እንላለን። ቃሉ ሰውየውን አሳንሶ ዝም ያሰኘዋል፤ ምርመራም አይሄድ። ጃፓኖችም ሞኝነትን የሚያመለክት ተመሳሳይ ቃል ነበራቸው። በ2004 በመንግሥት ደረጃ ቀየሩት፤ የማስተዋል መታወክ እንደማለት ባለ ቃል ተኩ። በዓመቱ ደግሞ ለተራው ሰው ሥልጠና ጀመሩ። የባንክ ሠራተኛ፣ ፖሊስ፣ ተማሪ፣ ባለሱቅ፤ የአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ትምህርት ነው። የሠለጠነው ሰው ቁጥር ከ10 ሚሊዮን አልፏል። የሚማሩት ሕክምና አይደለም። ግራ የተጋባ ሰው ስታይ ከኋላ አትጥራው፣ ከፊት ቅረብ፣ አትከራከረው፣ ቀስ ብለህ ጠይቀው። ይህን የሚያውቅ የአውቶቡስ ሹፌር ባለበት ከተማ የመርሳት ችግር ያለባቸው አባት ለብቻቸው አውቶቡስ መሳፈር የሚችሉበት ጊዜ ይረዝማል።

ይህ ሁሉ ከታወቀ ለምን አይሠራም? እኔ እንዳየሁት ዋናው ምክንያት ክፋትም ስንፍናም አይደለም። ነገሩ የማንም ስላልሆነ ነው። ወንበሩ የመናፈሻው ክፍል ነው፣ መብራቱ የትራፊክ፣ ደረጃው የግንባታ፣ ነርሷ የጤና፣ ጡረታው የሌላ። አዛውንቱ ግን አንድ ሰው ናቸው፤ በአንድ ቀን አምስቱንም ይነካሉ። ካሊፎርኒያ በ2021 የአሥር ዓመት የእርጅና ዕቅድ አውጥታለች። አምስት ግቦች አሉት፤ መኖሪያ ቤት፣ ጤና፣ ከብቸኝነት መውጣት፣ ማስታመም፣ የኑሮ አቅም። ግብ መጻፍ ማንም ይችላል። እኔ የወደድኩት ሥራው በ2019 ሲጀመር የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጣቸውን፣ ውጤቱም ማንም ሊያየው በሚችል ሰሌዳ ላይ መለጠፉን ነው። ዕቅድ የሚሞተው መሳቢያ ውስጥ ነውና።

ስለ አገልግሎት መስኮቶቻችሁም አንድ ነገር። አገልግሎቱን ሁሉ ወደ ስልክ እያዛወራችሁ ነው፤ ጥሩ። ግን አንድ መስኮት ከሰው ጋር ተዉላቸው። እዚያ የሚቀመጠው ልጅም እናትየው ከፊቱ ተቀምጣ ለልጇ “ምን ፈልገው ነው?” እያለ አይጠይቅ። እናቴን እንዲህ ያላት ሰው አለ። “ጆሮዬ ደህና ነው፤ የተሰበረው ዳሌዬ ነው” አለችው።

ከታዳሚው አንድ ወረቀት ደርሶኛል። “ይህ ለሀብታም አገር ነው፤ ገንዘቡ ከየት ይመጣል?” ይላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መድኑ ገንዘብ ይፈልጋል፤ መዋጮውም ሠራተኛው ብዙ፣ ጡረተኛው ጥቂት በሆነበት ጊዜ ካልተጀመረ በኋላ አይሆንም። ወጣት ሕዝብ ያላቸው አገሮች “ገና ነን” ሲሉ የምሰጋው ለዚህ ነው። የንግግሬ የመጀመሪያ ግማሽ ግን ቀለም፣ አምፖል፣ የብረት ቱቦና ጥቂት ሰከንድ ነው።

እናቴን በመጨረሻ ምድር ቤት ተከራየንላት። ሦስት ልጆች ስለሆንን ተጋግዘን ቻልነው። በአሥር ቀኗ ብቻዋን እስከ ሱቅ ሄዳ ተመለሰች፤ መንገድ ላይ አንድ የድንጋይ አጥር ላይ አርፋ። ያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤት አሁን ለሌሎች ባልና ሚስት ተከራይቷል። ሰባ ያለፋቸው ይመስለኛል።

እንግዲህ ለዕረፍት እንውጣ። ደረጃው ላይ ቀስ በሉ፤ መደገፊያ የለውም።